ፍራፍሬ ያለው የዑድ ሽቶ፦ ከምን ይሠራል፣ ለምንስ እንዲህ ይሸታል

ጠርሙሱ ላይ «ዑድ» ተጽፏል፤ ሲረጩት ግን ቀድሞ አፍንጫ የሚደርሰው እንጆሪ ወይም ኮክ ነው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጽጌረዳ ብቅ ይላል። ማታ ልብሱን ሲያሸቱት የቀረው እንጨት፣ ቆዳና ስስ ጭስ ነው። ገዢው ታዲያ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ፍራፍሬው የት ገባ? ዑዱስ እውነተኛ ነው ወይስ ስሙ ብቻ? ሁለቱንም ለመመለስ ሽቶው እንዴት እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ፍራፍሬውን ለወጣት ገዢ ተብሎ የተጨመረ ማስዋቢያ ያደርገዋል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ፍራፍሬው ሥራ አለው፤ የዑዱን አስቸጋሪ ጠረን ይገራል፣ ዑዱ በተፈጥሮው የያዘውን ጣፋጭነት ደግሞ ያጎላል። ጥሩ የሚባለው ሽቶ ከመጥፎው የሚለየውም በዚህ ነው።

ዑዱ ራሱ

ዑድ የሚገኘው አኩዊላሪያ ከሚባሉ የእስያ ዛፎች ነው። ከህንድ አሳም ጀምሮ በባንግላዴሽ፣ በታይላንድ፣ በካምቦዲያና በቬትናም አልፎ እስከ ኢንዶኔዥያ ይበቅላሉ። ጤነኛው ዛፍ እንጨቱ ነጣ ያለ፣ ቀላልና ሽታ አልባ ነው። ነፍሳት ሲቦረቡሩት፣ ቅርንጫፉ ሲሰበር ወይም ገበሬው ሆን ብሎ ሲበሳው ግን ቁስሉ ውስጥ ሻጋታ ይገባል፤ ዛፉም ራሱን ለመከላከል ጠቆር ያለ ሙጫ በእንጨቱ ውስጥ ያጠራቅማል። ዑድ የሚባለው ሙጫው የገባበት ክፍል ብቻ ነው። ሙጫ ያላቸውን ዛፎች ፍለጋ ጫካው በጣም ስለተጨፈጨፈ ዋነኛው ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1995 ሳይተስ በሚባለው፣ ለመጥፋት የተቃረቡ ዕፅዋትና እንስሳትን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ስር ገባ፤ ከ2005 ጀምሮ ደግሞ ሁሉም የአኩዊላሪያ ዝርያዎች ያለ ፈቃድ ድንበር አይሻገሩም። ዛሬ ገበያ ላይ ካለው ዑድ ብዙው ከእርሻ የመጣ ነው።

ዘይቱን ለማውጣት እንጨቱ ተፈልጦ ይፈጫል፣ ከጥቂት ቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ከዚያ ተፈልቶ እንፋሎቱ ይነጠራል። አሠራሩ አረቄ ከማውጣት ብዙም አይለይም፤ ልዩነቱ እሳቱ ለቀናት አለመጥፋቱና ከመቶ ኪሎ እንጨት የሚገኘው ዘይት በግራም የሚቆጠር መሆኑ ነው። የዋጋው ምስጢር እዚህ ላይ ነው። የባህረ ሰላጤው ነጋዴዎች ዘይቱን የሚሸጡት በቶላ ነው፤ አንድ ቶላ ወደ 11.7 ግራም ገደማ ሲሆን፣ ሩብ ቶላ ማለት 3 ሚሊ ሊትር የምትይዝ ትንሽ ብልቃጥ ናት።

ዱባይም ሆነ ጅዳ የሽቶ ሱቅ የገባ ሰው ሁለት ስሞች ደጋግሞ ይሰማል፦ ሂንዲ እና ካምቦዲ። ሂንዲ የአሳሙ ዓይነት ነው። እንጨቱ ረጅም ጊዜ ስለሚዘፈዘፍ ይቦካል፤ መቦካቱም የጋጣ፣ የሞቀ ድርቆሽና የጥሬ ቆዳ ጠረን ያመጣበታል። ኢትዮጵያ ለዘመናት ለዓለም ሽቶ ሠሪዎች ዋና የዝባድ አቅራቢ ነበረች፤ ቀንድ ውስጥ የታሸገ ዝባድ ሲከፈት የሚወጣውን ጠረን የሚያውቅ ሰው የሂንዲ ዑድ የመጀመሪያ አሥር ደቂቃ አያስደነግጠውም። ሁለቱም በትንሹና ከራቅ ሲሸተቱ ሞቅ ያለ ገላ፣ በብዛትና ከቅርብ ሲሸተቱ በረት ናቸው።

ካምቦዲ ሌላ ነው። አኩዊላሪያ ክራስና ከሚባለው ዝርያ የሚነጠር ሲሆን፣ ጥሩው ዓይነት የደረቀ ፕሪም፣ ቴምር፣ የበሰለ እንጆሪና ማር ይሸታል፤ እንጨቱና ጭሱ ከኋላ ይከተላሉ። ስሙ ግን ዛሬ ከአገር መጠሪያነት አልፎ የጠረን ዓይነት መጠሪያ ሆኗል፤ ታይላንድ ውስጥ የተነጠረ ዘይትም «ካምቦዲ» ተብሎ ይሸጣል። ለእኛ ጉዳይ ዋናው ነጥብ ይህ ነው፦ ፍራፍሬና ዑድን ያገናኘው የፋብሪካ ሽቶ ቀማሚ አይደለም። ፍራፍሬው ዘይቱ ውስጥ ነበር። ቀማሚው ያደረገው ድምፁን ከፍ ማድረግ ነው።

የሚጨሰው ዑድ ደግሞ ከዘይቱ የተለየ ሽታ አለው። ቤታቸው የዑድ እንጨት ከሰል ላይ እያደረጉ የሚያጨሱ ሰዎች የዑድ ዘይት ሲያሸቱ «ይሄማ ሌላ ነው» የሚሉት ተሳስተው አይደለም። ሙጫው ውስጥ ክሮሞን የሚባሉ ከባድ ውህዶች አሉ። በቀዝቃዛው እንጨት ላይ የማይሸቱ ያህል ናቸው፤ በእንፋሎትም ስለማይወጡ ዘይቱ ውስጥ እምብዛም አይገኙም። የከሰሉ ሙቀት ሲሰባብራቸው ግን ቤንዛልዲሃይድን የመሳሰሉ ጣፋጭ ነገሮች ይለቃሉ። ቤንዛልዲሃይድ የመራራ ለውዝ ሽታ ነው፤ የቼሪ ሽታ ሲሠራም መሠረቱ እሱ ነው። ስለዚህ ጠርሙስ ውስጥ ያለ ዑድ ላይ ቼሪ ወይም ቀይ ፍራፍሬ ሲጨመር ዘይቱ የጎደለው፣ ጭሱ ግን የነበረው ጣፋጭነት በሌላ በር ይመለሳል።

ፍራፍሬው ከፍራፍሬ አይደለም

ከብርቱካን፣ ከሎሚና ቤርጋሞት ከሚባለው የሎሚ ዘመድ ልጣጭ ዘይት ተጨምቆ ይወጣል። ከእንጆሪ፣ ከኮክ፣ ከፕሪምና ከፖም ግን ለሽቶ የሚበቃ ዘይት አይገኝም። እንጆሪ ዘጠና በመቶው ውሃ ነው፤ መዓዛ የሚሰጡት ነገሮች ኢምንት ናቸው፣ ሲፈሉም ሽታቸው ወደ ማርማላታ ይለወጣል። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ «ራዝቤሪ፣ ኮክ፣ ፕሪም» ተብሎ ሲጻፍ እያንዳንዱ ስም ላብራቶሪ ውስጥ የተገጣጠመ ሽታ መሆኑን ማወቅ ነው። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ ሌላ መንገድ የለም።

ኮኩን የሚሰጠው ጋማ አንዴካላክቶን ነው። በንግድ ስሙ አልዲሃይድ ሲ-14 ይባላል፤ በኬሚስትሪው ግን አልዲሃይድ አይደለም፣ ላክቶን የሚባል ሌላ የውህድ ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 የወጣው፣ ሚትሱኮ የተባለው የፈረንሳዩ ጌርላን ሽቶ ዝነኛ የሆነው በእሱ ነው። ቅቤማ፣ ለስለስ ያለ፣ ቆዳ ላይ ለሰዓታት የሚቆይ ሽታ አለው። ራዝቤሪ የሚባለውን እንጆሪ የሚሰጠው ራዝቤሪ ኪቶን ነው፤ ነጭ ዱቄት ስለሆነ በትንሽ መጠን ለመመዘን አስቀድሞ አልኮል ውስጥ ማሟሟት ይቀላል። ፖምና አናናስ የሚሸቱት፣ ኤስተር የሚባሉት ውህዶች፣ ለምሳሌ ኢታይል 2-ሜቲልቡታኖኤት፣ ብሩህና ጭማቂያማ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ግን በደቂቃ ይቆጠራል።

ከሁሉ የሚገርሙት ዳማስኮኖች ናቸው። የጽጌረዳ ዘይት ውስጥ በጥቂቱ ይገኛሉ፤ ፕሪም፣ የበሰለ ፖም፣ ጽጌረዳና ትምባሆ በአንድ ላይ ይሸታሉ። ዑድና ፍራፍሬ እንዲጋቡ የሚያደርገው ሽማግሌ ማን ነው ከተባለ እሱ ነው ማለት ይቻላል። የአረቦቹ ሽቶ ቀማሚዎች ኬሚስትሪው ከመታወቁ በፊት ዑድን ከሳዑዲዋ ከተማ ከጣይፍ ጽጌረዳ ጋር ያዋሕዱ የነበረው እንዲሁ በልማድ አይደለም፤ ጽጌረዳው አንድ እጁ ፍራፍሬ ላይ፣ አንድ እጁ እንጨት ላይ ነው።

ከተፈጥሮ ዘይቶችም ሁለት ረዳቶች አሉ። ኦስማንተስ የቻይና አበባ ነው፤ የደረቀ አፕሪኮትና የለፋ ቆዳ በአንድነት ይሸታል። ዳቫና የደቡብ ህንድ ቅጠል ነው፤ የአሪቲ ዘመድ ሲሆን ዘቢብና አልኮል የገባበት ፍራፍሬ ይሸታል። ሁለቱም ውድ ናቸው፤ ርካሽ ሽቶ ውስጥ አይጠበቁም።

ለምን አንዱ ቀድሞ ይሄዳል

የሽታ ቅንጣት ቀላል ሲሆን ቶሎ ይተናል፣ ከባድ ሲሆን ይዘገያል። ያ አናናስ የሚሸተው ኤስተር ሞለኪውላዊ ክብደቱ 130 ነው። የኮኩ ላክቶን 184 ነው። ከዑድ ዘይት ዋና ዋና ውህዶች አንዱ የሆነው አጋሮስፒሮል 222 ነው። ክሮሞኖቹ ከ250 ይጀምራሉ። ክብደት ብቻውን ግን ሁሉን አይወስንም፤ ራዝቤሪ ኪቶን 164 ቢሆንም ከላክቶኑ እኩል ይቆያል፣ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ አጥብቀው ስለሚያያዙ ነው። ሙስክና እንጨት መሰል ከባድ ውህዶች ሲጨመሩም ቀላሎቹ ትንሽ ይዘገያሉ፤ የሽቶ ሰዎች «ማያዣ» የሚሉት ይህን ነው።

ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ ነገር ቀላል ነው። ፍራፍሬ ያለው ዑድ ሽቶ ሁለት ጫፍ አለው፤ ብሩሁ ፍራፍሬ በ15 ደቂቃ ይሄዳል፣ ዑዱ ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው ሙሉ በሙሉ የሚታየው። በመካከል ያለውን ወደ ሁለት ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ የሚሞላ ነገር ከሌለ ሽቶው ለሁለት ይሰነጠቃል፤ መጀመሪያ ከረሜላ፣ ቀጥሎ ባዶ፣ ከዚያ ድንገት የሕክምና ክፍል። ብዙ ርካሽ ሽቶ የሚወድቀው እዚሁ ላይ ነው። ድልድዩ ሦስት ነገር ነው፦ ጽጌረዳ ከዳማስኮን ጋር፣ ቆዳ የሚሸተው ሳፍሮን፣ እንዲሁም እንደ ኮክና ራዝቤሪ ያሉ ዘግይተው የሚሄዱ ፍራፍሬዎች። በተለይ ሳፍሮኑ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ደረቅና ብረት ብረት የሚል ጠረኑ የፍራፍሬውን ስኳር ይቆርጠዋል፣ ቆዳማው ክፍሉ ደግሞ ዑዱን አስቀድሞ ያስተዋውቃል። ራዝቤሪና ቆዳ እንዴት እንደሚስማሙ ማየት የፈለገ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣውን የቶም ፎርድ ቱስካን ሌዘር ያሽት፤ ዑድ አይደለም፣ ዘዴው ግን ያው ነው።

ዑዱ እውነተኛ ነው ወይ?

ብዙ ጊዜ አይደለም። ፋብሪካ የሚወጣ ሽቶ ውስጥ «ዑድ» የሚባለው በአብዛኛው ቀመር ነው፤ እንጨት የሚሸቱ ውህዶች፣ ፓቹሊ የሚባል አፈር አፈር የሚሸት የቅጠል ዘይት፣ ሲፕሪዮል የሚባል የህንድ ሥር ዘይት፣ ጥቂት ቆዳና ጥቂት እንስሳማ ጠረን ተዋሕደው የሚገኝ። ትልልቆቹ አምራቾች ፊርመኒሽ (አሁን ዲኤስኤም-ፊርመኒሽ) እና ጂቮዳን ለዚህ የተዘጋጀ የዑድ ቅልቅል ይሸጣሉ፤ ቀማሚው እሱን ይገዛና የራሱን ይጨምርበታል። እ.ኤ.አ. በ2002 ኢቭ ሴን ሎራን ኤም7ን ሲያወጣ ዑድ ለምዕራቡ ገበያ አዲስ ነበር፤ ዛሬ ያለው ጎርፍ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዛፉ ጥበቃ ስር ሆኖ ይህን ሁሉ ጠርሙስ በተፈጥሮ ዘይት መሙላት አይታሰብም።

ሒሳቡ ራሱ ይናገራል። 100 ሚሊ ሊትር ሽቶ ውስጥ አንድ በመቶ የተፈጥሮ ዑድ ቢገባ አንድ ግራም ገደማ ነው። የአንድ ግራም ጥሩ ዘይት ዋጋ ብቻውን ከብዙዎቹ ጠርሙሶች ዋጋ ይበልጣል። ስለዚህ በመጠነኛ ዋጋ «ንጹሕ የካምቦዲ ዑድ» የሚል ሻጭ ካጋጠመ ቃሉን ትቶ ሽታውን መመዘን ይሻላል። ደግሞ ቀመር መሆኑ መጥፎ አያደርገውም። የተፈጥሮው ዘይት በየሰዓቱ የሚለዋወጥ፣ ጥልቀት ያለው ነው፤ ቀመሩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት፣ ንጹሕና ጠንካራ ነው። ቢሮ ለሚውል ሰው ሁለተኛው ያስመርጣል።

አሥር ግራም በቤት ውስጥ

ነገሩን በእጅ ሠርቶ ማየት ለሚፈልግ አንድ ትንሽ ቀመር እንስጥ። 0.01 ግራም የሚያነብ ሚዛን፣ የመስታወት ብልቃጥና የፕላስቲክ ጠብታ መሳቢያ ያስፈልጋል። በጠብታ መቁጠር አይሠራም፤ የአንዱ ዘይት ጠብታ ከሌላው በክብደት ይለያያል። «10 በመቶ» የተባለው ሁሉ አንድ ግራም ንጥረ ነገር በዘጠኝ ግራም አልኮል የተበረዘ ማለት ነው፤ «1 በመቶ» ደግሞ ያንኑ እንደገና በዘጠኝ እጥፍ የበረዙት።

ከታች ይጀመራል፣ ከከባዱ። 2.0 ግራም ለስላሳ እንጨት የሚሸተው አይሶ ኢ ሱፐር፣ 1.2 ግራም የተዘጋጀ የዑድ ቅልቅል፣ 0.6 ግራም ፓቹሊ፣ 0.6 ግራም አምበር መሰል ሽታ ያለው አምብሮክሳን በ10 በመቶ። ይህን ነቅንቆ ማሽተት ነው፤ ደረቅና የደነደነ እንጨት ይሆናል። ቀጥሎ መሃሉ፦ 2.0 ግራም ስስ ጃዝሚን የሚሸተው ሄዲዮን፣ 0.8 ግራም ጽጌረዳ የሚሸተው ፊኒል ኢታይል አልኮል፣ 0.3 ግራም ሳፍራሌን በ10 በመቶ፤ ሳፍራሌን የሳፍሮኑን ጠረን የሚሰጠው ነው። በመጨረሻ ፍራፍሬው፦ 0.5 ግራም ራዝቤሪ ኪቶን በ10 በመቶ፣ 0.4 ግራም ጋማ አንዴካላክቶን በ10 በመቶ፣ 0.5 ግራም ቤታ ዳማስኮን በ1 በመቶ፣ 0.3 ግራም የቀለጠ ስኳር የሚሸተው ኢታይል ማልቶል በ10 በመቶ፣ 0.8 ግራም ቤርጋሞት። ድምሩ 10 ግራም ይመጣል። እውነተኛ የካምቦዲ ዘይት ያለው ሰው ከዑድ ቅልቅሉ 0.1 ግራም ቀንሶ በዚያው ልክ ዘይቱን ይተካ፤ ልዩነቱ ከሦስተኛው ሰዓት በኋላ ይታወቃል።

ዳማስኮኑ ከጠቅላላው ኢምንት መሆኑን ልብ ይሏል። ብርቱ ነው፤ የሽቶ አምራቾች ዓለም አቀፍ ማኅበር ኢፍራም ቆዳ ስለሚያስቆጣ በጥብቅ ይገድበዋል። ቤርጋሞቱ ደግሞ ቤርጋፕቴን፣ ማለትም ቆዳን ፀሐይ እንዲጎዳው የሚያደርገው ውህድ፣ የወጣለት መሆን አለበት። ያልወጣለት ዘይት የተቀባ ቆዳ ፀሐይ ሲመታው ሊቃጠል ይችላል፣ የሚተወው ጥቁረትም ለወራት ሊቆይ ይችላል፤ ለዚህም ነው ያልተጣራው ከ0.4 በመቶ በላይ የማይፈቀደው።

ቅልቅሉ ለአንድ ሳምንት ይቀመጥ። ከዚያ 40 ግራም ባለ 96 በመቶ ኢታኖል ይጨመርበት፤ አስቀድሞ የተበረዙት ውስጥ ያለው አልኮል ሲቀነስ ንጥረ ነገሩ 15 በመቶ ገደማ የሆነ ሽቶ ይገኛል። አልኮሉ ላይ መቆጠብ አያዋጣም። አረቄ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው፣ የራሱ የእህል ሽታም አለው። የመድኃኒት ቤቱ ባለ 70 በመቶም ሠላሳ እጁ ውሃ በመሆኑ ሽቶውን ያደፈርሰዋል፣ ዘይቱም ከላይ ይንሳፈፋል። ለማቃጠያ የሚሸጠው ባለ ሜታኖል አልኮል ደግሞ መርዝ ስለሆነ ፈጽሞ አይነካም። በተረፈ ብልቃጡን አጥብቆ ዘግቶ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ማኖር፣ ከዚያ ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድሮ በቡና ማጥሊያ ወረቀት ማጥለል ነው። ሥራው ሁሉ ከእሳትና ከከሰል ራቅ ብሎ ይሁን።

የሚበላሸው ምኑ ነው? ኢታይል ማልቶሉ በሦስት እጥፍ ከገባ ሽቶው የጥጥ ከረሜላ ይሆናል፣ ዑዱም ይደፈናል። የፖምና የአናናስ ኤስተር ተጨምሮበት ከበዛ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይሸታል። ዳማስኮኑ ሲበዛ ፍራፍሬው የተቀቀለና የጎመዘዘ ይመስላል። የዑድ ቅልቅሉ ሲበዛ የሚመጣው የቁስል ፕላስተርና የላስቲክ ጓንት ሽታ ነው፤ ብዙ ሰው «ዑድ አልወድም» የሚለው ይህን አሽትቶ ነው። አምብሮክሳንና መሰሎቹ ሲበዙ ሽታው ሳይሆን ስሜቱ ያስቸግራል፤ አፍንጫ ውስጥ ደረቅ መውጋት ይኖራል፣ በማግስቱም ከልብስ አይለቅም። አንድ ጥፋት ሲታይ ሌላ ነገር ጨምሮ ለመሸፈን መሞከር የጀማሪ ወጥመድ ነው። ያንኑ የበዛውን ቀንሶ ከመጀመሪያ መመዘን ይቀላል፣ ዕቃም ያተርፋል።

ሲገዙ፣ ሲቀቡ፣ ሲያስቀምጡ

ሱቅ ውስጥ ወረቀት ላይ ረጭቶ ወዲያው ማሽተት የዚህን ዓይነት ሽቶ አንድ አራተኛ እንኳ አያሳይም፤ ሻጩ የሚያሸትትዎት ፍራፍሬውን ነው። አንዱን የእጅ አንጓ ላይ አንድ ጊዜ ረጭቶ መውጣት፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ከዚያም ከአራት ሰዓት በኋላ ማሽተት ያስፈልጋል። በአንድ ቀን ከሦስት በላይ አይሞከር። መሃል ላይ የሚቀርበው የቡና ፍሬ ከንጹሕ አየር የተሻለ ነገር አይሠራም፤ የራስን እጅጌ ማሽተት ይበቃል። በአራተኛው ሰዓት የሚፈለገው ፍራፍሬው ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ሳይሆን እንጨቱ ላይ እንደ ደረቀ ፕሪም ሆኖ ቀርቶ ነው። እሱ ካለ ሽቶው በደንብ ተሠርቷል።

ሐሰተኛ ዕቃ በዚህ ዓይነት ላይ የበዛ ነው። ካርቶኑ ስር ያለው የምርት መለያ ቁጥርና ጠርሙሱ ላይ ያለው አንድ መሆን አለባቸው። የሚረጨው እንደ ጭጋግ ስስ መሆን አለበት እንጂ እንደ ጠብታ መፍሰስ የለበትም። ሽታው ደግሞ በሁለት ሰዓት ሙሉ በሙሉ ከጠፋ ቢጠራጠሩ አይፈረድብዎትም፤ ከታች የሚቆየው ከባዱና ውዱ ክፍል ነው፣ አስመሳዮች መጀመሪያ የሚቀንሱትም እሱን ነው።

አልኮል የሌለው የዘይት ሽቶ የሚመርጡ ሰዎች ብዙ ናቸው፣ በተለይ ለሶላት የሚቀቡ። የዘይቱ ጠባይ ይለያል። ፍራፍሬውን አንስቶ የሚወስደው አልኮል ስለሌለ መጀመሪያ ላይ ያለው ብርሃን ደብዘዝ ይላል፤ በምትኩ ሽታው ከቆዳው አይርቅም፣ ይቆያል። ፍራፍሬው ጎልቶ እንዲሰማ የፈለገ የሚረጨውን፣ ዑዱን የፈለገ ዘይቱን ይውሰድ።

መጠኑን የአየሩ ጠባይ ይወስናል። ሪያድ ወይም ዱባይ በሙቀቱ ወራት ሁለት ጊዜ የተረጨ ሽቶ ክፍል ይሞላል። አዲስ አበባ ምሽት ላይ ያው መጠን ጸጥ ይላል፤ ቅዝቃዜው ሽታውን ዝቅ ስለሚያደርገው፣ ደረቅ ቆዳም ስለሚያሳጥረው ሽታ የሌለው ቅባት አስቀድሞ መቀባት ከተጨማሪ ርጭት ይሻላል። ሦስት ርጭት ለውጭ፣ አንድ ለታክሲና ለቢሮ። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ አይሶ ኢ ሱፐር፣ አምብሮክሳንና ሙስኮች አፍንጫን ቶሎ ያላምዳሉ፤ አንዳንድ ሰው ጭራሹን አይሸታቸውም። «ጠፍቷል» ብሎ በእኩለ ቀን የሚደግም ሰው ለራሱ አይሰማውም እንጂ አጠገቡ ያለው ተቸግሯል። ጓደኛን መጠየቅ ነው።

ነጠላና የሐበሻ ቀሚስ ላይ በቀጥታ አይረጭ። የዑድ ዘይት ቡናማ ነው፣ ቫኒላ ያለበት ሽቶም በጊዜ ይጠቁራል፤ ሁለቱም ነጭ ጥጥ ላይ የማይለቅ ቢጫ ይተዋሉ። የግድ ከሆነ ከ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ በውስጠኛው ስፌት ላይ። ልብስ ማጨስ የለመደ ሰው ደግሞ መጀመሪያ ልብሱን በዑዱ ያጭስ፣ ከሰሉን ከክፍሉ ያውጣ፣ ከዚያ ይርጭ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ አልኮሉ እሳት ሊይዝ ይችላል።

ጠርሙሱ መታጠቢያ ቤትና መስኮት ላይ አይቀመጥ። ሙቀትና ብርሃን መጀመሪያ የሚያበላሹት ፍራፍሬውንና የልጣጭ ዘይቱን ነው፤ የተበላሸ ሽቶ ሲረጭ መጀመሪያ ላይ ተርፐንታይን ወይም ብረት ይሸታል፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ግን ዑዱ ደህና ሆኖ ይመጣል። መጥቆሩ ብቻውን የመበላሸት ምልክት አይደለም። በካርቶኑ ውስጥ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ጠርሙስ ለዓመታት ይቆያል፤ ግማሹ የተጋመሰ ከሆነ ግን ውስጡ የገባው አየር ስለሚበዛ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ መጨረስ ነው።